አንቱ ያላልኩት ጠበቃ

ሰው በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፤ በፖለቲካማ እዚህ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ያልተጣላ ሐበሻ ካለ አሳዩኝ። እኔ ግን የተጣላሁት በአንዲት ተውላጠ ስም ነው። «እሱ» ልበል ወይስ «እሳቸው» በሚል ነገር፣ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ፈረንጅ ምክንያት፣ በሕይወቴ ከምንም በላይ የፈለግኩትን ሥራ አጣሁ። ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔም በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢያወራኝ መሳቄ አይቀርም ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁና ፍረዱኝ፤ ባትፈርዱልኝም ለምጄዋለሁ።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የታወቁ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ እተርክ ነበር። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስል ሰው ዞር ብሎ የሚያየኝ ሴት ነበርኩ፤ በፊቴ ሳይሆን በድምፄ። ዲቪ ደረሰኝና መጣሁ። ከዚያ በኋላ ድምፄን የሚሰማው ስካነር ብቻ ሆነ። ካናል ዊንቸስተር አንድ ዌርሃውስ፣ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የታዘዘ ዕቃ ከመደርደሪያ እለቅማለሁ፤ ስካነሩ ጢጥ ይላል፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ እንደገና ጢጥ ይላል። የፈረንጆቹ 2021 ነበርና ማስኩም ተጨምሮበታል። ሊንደን ያለችው ክፍሌ ስገባ አንዳንዴ አፌን የከፈትኩት ለምሳ ብቻ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ታዲያ በዚያ መኸር አንዲት ወዳጄ ማስታወቂያ ላከችልኝ። ቤክስሊ አጠገብ የድሮ ዘመን የጠበቃ ቤት አለ፤ ለጎብኚ ክፍት የሆነ። የቤቱ ባለቤት የነበረው ዜቡሎን ክራዶክ ይባላል። ኦሃዮ ገና ጫካ ሳለች የመጣ፣ ጠበቃ የሆነ፣ ከዚያም ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ኮንግረስ ድረስ የደረሰ ሰው ነው። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ታሪኩን በስደተኞች ቋንቋ አስተርከው በስልክ ለማሰማት አስበዋል፤ በሶማሊኛ፣ በስፓኒሽ፣ በኔፓሊኛ፣ በአማርኛ። ድምፄን ቀድቼ ላክሁ። ዳያን የምትባለው ኃላፊ ኮል አደረገችኝ።

«ይሄ ካማረልን ፉል ታይም እናደርግሻለን» አለችኝ። «በየትምህርት ቤቱ፣ በየኮሚኒቲው እየዞርሽ ታሪክ መተረክ ነው ሥራሽ።»

አንቺ ትበለኝ እርስዎ እኔ አላውቅም፤ እንግሊዝኛው አይናገርም። ወጣት ስለሆንኩ አንቺ ብዬ ጽፌዋለሁ። ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። ድምፄን አገኘሁት ብዬ ነው ያለቀስኩት፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ጽሑፉን ወደ አማርኛ የመለሱት ጋሼ ታደለ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ኮለምበስ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ፍርድ ቤት ሲያስተረጉሙ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ማስክ ሲያደርጉ እንኳ ከክራቫታቸው ጋር የሚያስማሙ ሰው ናቸው። በቀረጻው ቀን ዳያን ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ግድግዳ ላይ ወፋፍራም ብርድ ልብስ ሰቅላ፣ ማይክ ደቅና፣ ጋሼ ታደለን ከፊት ለፊቴ አስቀመጠቻቸው። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ ስህተት ስሰማ እጄን አነሳለሁ አሉ። ሰላምታ ስሰጣቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፦

«የሬዲዮ ልጅ ነሽ አሉ» አሉኝ። «የሬዲዮ ልጆች አማርኛ ታበላሻላችሁ።»

እንዲህ ተጀመረ።

ጠዋቱን በሰላም አነበብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውዬውን ወደድኩት። ዜቡሎን የድሃ ልጅ ነው። አባቱ የሰው መሬት መንጥሮ፣ አርሶ፣ ሊያጭድ ሲል ባለወረቀት መጥቶ ያባረረው ገበሬ ነው። ልጁ «ወረቀት እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ እኔም ወረቀት እማራለሁ» ብሎ ተነሳ። አንድ የሕግ መጽሐፍ ተውሶ፣ ቀን እንጨት እየፈለጠ ማታ በሞራ መብራት አነበበ። ጠበቃ ከሆነ በኋላ በበቅሎ ከአንዱ የግንድ ቤት ችሎት ወደ ሌላው ይዞራል። ዳኛው ጉቶ ላይ ተቀምጦ ይፈርዳል። ሲመሽ ዳኛውም፣ ከሳሽም፣ ጠበቃም አንድ ማደሪያ ቤት፣ አንዳንዴም አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ቀን ሲሰዳደቡ የዋሉት ጠበቆች ማታ ብርድ ልብስ ይጓተታሉ። ሳነብ ሳቄ መጣ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። በእንግሊዝኛ ሰውዬው ከአንቀልባው እስከ መቃብሩ «ሂ» ነው። በአማርኛ ግን ሕፃን «እሳቸው» አይባልም፤ የኮንግረስ አባልም «እሱ» ሲባል ለጋሼ ታደለ ጆሮ ይከብዳል። መቼ ነው ታዲያ ሰው አንቱ የሚሆነው? ጋሼ ታደለ ቆርጠውታል፤ የጥብቅና ፈቃድ እስኪያገኝ «እሱ»፣ ካገኘ በኋላ «እሳቸው»። ስለዚህ ጽሑፋቸው «ዜቡሎን ፈተናውን አለፈ፤ በማግስቱም ቢሮ ከፈቱ» ይላል። ይቺን ሳነብ ጋሼን ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲያ «ጋሪ ላይ ወጥተው ተናገሩ፣ ለመራጩ ውስኪ አስቀዱ፣ ተመረጡ» እያልኩ ቀጠልኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ ሰውዬው ሲሾሙ ብዙ መሬት በስማቸው አዛውረዋል፤ እሱንም በአክብሮት አነበብኩ።

ከምሳ በኋላ ሚስተር ክራዶክ መጡ። የሰውዬው የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። የቤቱን ጣሪያም አሳድሰዋል አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራ ይዘዋል፤ እኔም ሽማግሌን እንደ ሽማግሌ ነው የምጠራው። ማዳመጫ ተሰጣቸውና ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ ቃል አማርኛ ሳያውቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዳያን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ያንቺን ሥራ የሚያጸድቁት እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

ቀጣዩ ምዕራፍ ወደ ጠበቃው ወጣትነት የሚመለስ፣ ሐና የምትባል ሴት ጉዳይ ነበር። «የምትባል» የሚለው የጋሼ ታደለ ነው። ሐና ባርነት ከተፈቀደበት ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ወጥታ ኮለምበስ ስትገባ ጎልማሳ ነበረች፤ ልብስ እያጠበች ስትኖር አረጀች። ካረጀች በኋላ የድሮ ጌቶቿ ወራሾች፣ «ንብረታችን ናት» ብለው ፍርድ ቤት ገተሯት። የወራሾቹ ጠበቃ ዜቡሎን ክራዶክ ነው። ገና ወጣት ነው፤ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«‹ስምሽ ማነው?› ብለው ጠየቋት። ‹ሐና ነው፣ ጌታዬ› አለች። ‹ዕድሜሽስ?› አሏት። ‹አላውቀውም፣ ጌታዬ› አለች። ‹ዕድሜሽን የማታውቂ፣ ነፃ መሆንሽን በምን አወቅሽ?› አሏት። ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። የወጣቱ ጠበቃ ቀልድ ለብዙ ዓመታት ሲወራ ኖረ።»

እኔ እናቴ ዕድሜዋን አታውቅም። ብትጠይቋት «እህል የጠፋ ጊዜ ኮረዳ ነበርኩ» ነው የምትላችሁ። ነፃ መሆኗን ግን ታውቃለች። ገጹን ሳየው ደሜ ፈላ። በዚያ ላይ ሌላ ነገር ታየኝ። እንግሊዝኛው «ሂ» እና «ሺ» ብቻ ብሎ አልፎታል፤ ማን ማንን እንዳከበረ አይናገርም። አማርኛ ግን ዝም ማለት አይችልም። ጋሼ ታደለ ደግሞ መርጠዋል። ልጅ እግሩን ጠበቃ አንቱ፣ ባልቴቷን አንቺ ብለው ጽፈዋል። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ቢያነቡት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ድንጋይ ይወረውርባቸው ነበር።

ማይኩ በርቷል። አስቤበትም አልነበረም። አፌ እንዲህ አለ፦

«‹ስምሽ ማነው?› ብሎ ጠየቃቸው። ‹ሐና ነው፣ ጌታዬ› አሉ።»

የጋሼ ታደለ እጅ ጣሪያ ሊነካ ደረሰ።

«ስቶፕ አድርጊው። ምንድነው ያነበብሽው?»

«እማማ ሐና ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ። እሱ ልጅ ነው።»

«እሱ? ኮንግረስማን ናቸው እኮ የምልሽ።»

«ያኔ ገና አልተመረጠም።»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ። የተጻፈልሽን አንብቢ።»

«ሙት ከሆነ ሁለቱም ሞተዋል፤ አንዷን ብቻ ለምን እናዋርዳለን?»

ዳያን ከአንዳችን ወደ ሌላችን ተመለከተች። «ምን ተፈጠረ?» አለች። ጋሼ ታደለ ተናደዋል። የሠላሳ ዓመት አስተርጓሚ ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ ቃል ይመርጣል፣ ግን የተሳሳተውን ይመርጣል። አንድን ትልቅ ሰው አንተ ማለት እንደ ልጅ መቁጠር ነው ለማለት ፈልገው፣ በጥርት ባለ እንግሊዝኛ፦

«ኮንግረስማኑን ‹ቦይ› ብላ እየጠራች ነው» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ አየር የጠፋ መሰለኝ። ቦይ በዚህ አገር የማን መጠሪያ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሽበት ያወጣ ጥቁር ሰው፣ የልጅ ልጅ ያየ፣ ነጭ ጎረምሳ ፊት ቆሞ የሚጠራበት ቃል ነው። ዳያን እጇን አፏ ላይ፣ ማለቴ ማስኳ ላይ አደረገች። ሚስተር ክራዶክ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው ከአንገታቸው ጀምሮ ቀስ እያለ ቀላ።

«በገዛ ቤቱ ውስጥ?» አሉ።

«እንደዚያ አላልኩም» አልኩ። ከፍርሃቴ ንዴቴ ይበልጥ ነበር። «በእኛ ቋንቋ ሁለት ዓይነት ‹ሂ› አለ። አንዱ ለልጅ፣ አንዱ ለሚከበር ሰው። ‹ሺ›ም እንደዚያው። መምረጥ ግዴታዬ ነው።»

«ለቅድመ አያቴ የመረጥሽው የትኛውን ነው?»

«ለልጅ የሚሆነውን።»

«ለሴትየዋስ?»

«ለእናቴ የምለውን።»

ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ጫን አደረጉ። «እኔ ጣሪያውን ያሳደስኩት» አሉ በጣም ቀስ ብለው፣ «ሰው መጥቶ ከጣሪያው ሥር ቅድመ አያቴን እንዲዳኝ አይደለም። ዳኛ ነሽ?»

«አንባቢ ነኝ።»

«እንግዲያው አንብቢ።»

ጠላኋቸው። እሳቸውም ጠሉኝ። ሁለታችንም አልደበቅነውም፤ ያ ቢያንስ ንጹሕ ነገር ነበር። የጋሼ ታደለ ግን አቃጠለኝ፤ ያችን «ቦይ» ጥለው ሲያበቁ አሁን አስታራቂ ሆነው ብቅ አሉ።

«በቃ» አሉኝ በአማርኛ፣ «ሁለቱንም እሳቸው በያቸው። ማንም አይከፋም።»

ሞከርኩት። በእውነት ሞከርኩት፤ ሥራውን ፈልጌዋለሁ፣ ዌርሃውሱ ዓይኔ ላይ ነው ያለው። ገጹን ገልጬ ፍርዱ ያለበትን እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦ «ከችሎት ሲወጡ አመሰገኗቸው። ከዚያም እጃቸውን በገመድ አስረው ጋሪ ላይ ጫኗቸው።» አንብቤ ስጨርስ ጋሼን አየኋቸው።

«ማነው የታሰረው?» አልኳቸው።

በአንቱ ውስጥ ወንድና ሴት አይለይም። ጠበቃው ይታሰሩ ሐና ይታሰሩ፣ ማን ማንን እንዳመሰገነ የሚያውቅ የለም። ጋሼ ታደለ ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ ለዚህ ነው የተቆጡት።

«በስማቸው ጥሪያቸው። አቶ ዜቡሎን፣ ወይዘሮ ሐና።»

«እሺ፣ ወይዘሮ ሐናን በገመድ አሰሯቸው ልበል? ሰው በአክብሮት እንዴት ይታሰራል፣ ጋሼ?»

«ሰዓዳ» አለች ዳያን። ስሜን መጥራት ከጀመረች ሰዓዳ የሚለውን አስተካክላ የጠራችው ያኔ ብቻ ነው። «ወረቀቱ ላይ ያለውን ማንበብ ትችያለሽ? አዎ ወይም አይ በይኝ።»

«አዎ» አልኩ።

ማይኩን አበራች። ሚስተር ክራዶክ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ መለሱ። በዚህ ጊዜ ግን ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ የማያውቁትን ቋንቋ ከከንፈሬ ላይ ሊያነቡ የፈለጉ ይመስል ፊቴ ላይ ተክለውታል። ውሃ ጠጣሁ። በልቤ «ጠየቋት፣ ጠየቋት፣ ጠየቋት» እያልኩ ተለማመድኩ። ቀላል ቃል ናት። ሬዲዮ ላይ ስንቱን ሌባ ባለሥልጣን አንቱ ብዬ ተርኬያለሁ፤ ይሄ ደግሞ ሞቷል፣ ማን ይሰማኛል? ጀመርኩ። የሐናን መምጣት አነበብኩ፣ የችሎቱን መሰብሰብ አነበብኩ፣ ዜቡሎን «ተነሱ» አልኩ፣ «ጉሮሯቸውን ጠረጉ» አልኩ። ዳያን አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ጋሼ ታደለ ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ «ዕድሜሽን የማታውቂ፣ ነፃ መሆንሽን በምን አወቅሽ?» የምትለዋ ላይ ደረስኩ። አነበብኳት፤ ጥርት አድርጌ፣ እንደ ጎረምሳ ቀልደኛ አድርጌ አነበብኳት። ቀጥሎ ያለችው ቃል «አሏት» ናት።

«አላቸው» አልኩ።

ጋሼ ታደለ እጃቸውን እንኳ አላነሱም። ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሚስተር ክራዶክ የሆነውን ከእሳቸው ፊት አነበቡት። ዳያን ማሽኑን አጠፋችና፣ ጊዜሽን ስለሰጠሽን እናመሰግናለን፣ በሌላ መንገድ እንሄዳለን አለችኝ። በእንግሊዝኛ ሲያባርሩ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ መንገድ አለበት። ጃኬቴን አነሳሁ። ደረጃው ግድግዳ ላይ የዜቡሎን ሥዕል አለ፤ ሳልፍ ቀና ብዬም አላየሁት።

ባስ ስጠብቅ ጋሼ ታደለ መኪናቸውን አጠገቤ አቆሙ። ላድርስሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፦

«ሥራሽን በገዛ አፍሽ አጠፋሽ» አሉኝ።

«አንቱም በገዛ አፍዎ ‹ቦይ› ብለው አጠፉልኝ።»

«እሱን ተሳስቻለሁ» አሉ፣ ሳያቅማሙ። «አንቺ ግን ሳትሳሳቺ ነው ያጠፋሽው። ጀግና የሆንሽ ይመስልሻል። ከሞተ ጠበቃ ጋር መጣላት ምን ጀግንነት አለው? ወንድ ከሆንሽ ሕያው ጠበቃ ፊት ቁሚ። ኮርት ገብተሽ አስተርጉሚ። ያኔ ማን ማንን አንቱ እንደሚል ትነግሪኛለሽ።»

«እገባለሁ» አልኳቸው።

«ትገቢያለሽ፤ እልኸኛ ነሽ» ብለው መስኮታቸውን ዘጉና ሄዱ። ትረካውን ራሳቸው በድምፃቸው ጨረሱት። አምሯል ይላሉ የሰሙት። እኔ አልሰማሁትም፤ አልሰማውምም።

አያችሁ፣ ሰው ሕይወቱ የተለወጠው በጸሎት ወይም በምክር እንደሆነ ያወራል። የእኔ የተለወጠው በእልህ ነው። ከዌርሃውስ ስወጣ አጥንቼ፣ ተፈትኜ፣ በዓመቱ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆንኩ። ድምፄን አገኘሁት። ግን ድምፄ የእኔ አይደለም፤ ሌላ ሰው ያለውን እላለሁ፣ አልጨምርም፣ አልቀንስም። መሐላው እንደዚያ ነው። ያን ቀን ያደረግኩትን ዛሬም ባገኘው አደርገዋለሁ፤ አልጸጸትም። ሚስተር ክራዶክንም ይቅር አላልኩም። እንደ ሐና ያለ ሰው ሲዋረድ አፌን አላበድርም ብዬ ነው ወደዚህ ሥራ የገባሁት፤ እንደዚያ ብዬ ነበር። አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁና እናንተ ፍረዱ።

በቅርቡ አንዲት ከወሎ የመጡ እናት ቤት ልቀቁ ተብለው ተከሰሱ። የልጃቸውን ቤተሰብ አስጠግተው በውሉ ከተፈቀደው ሰው በላይ አኑረዋል ነው ነገሩ። የአከራዩ ጠበቃ ልጅ እግር ነው። እሳቸውን አያይም፤ ስልኩን እያየ፣ እስክሪብቶውን እያንኳኳ ነው የሚጠይቃቸው። ስም። ዓመት። ከማን ጋር። ያልተፈቀደ መሆኑን አላውቅም ነበር ልትዪኝ ነው? እንግሊዝኛው «ዩ» ነው የሚለው። ፊቱና ድምፁ ግን አንቺ፣ ከአንቺም በታች ነው። እኔ ደግሞ የእናቴን እኩያ አንቺ የምልበት አፍ የለኝም። ስለዚህ፣ «ስምዎን ይንገሩኝ። ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? አለመፈቀዱን አላውቅም ነበር ሊሉኝ ነው?» አልኳቸው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ከእሱ አፍ እንደወጣ አድርጌ። እሳቸውም ቀና ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ መለሱለት። ከተጠየቁት አልፈው ያልተጠየቁትንም ነገሩት። እሱም ራሳቸው በነገሩት ረታቸው።

ኮሪደር ላይ ወጥተን የተፈረደባቸውን አስረዳኋቸው። ቤቱን መልቀቅ እንዳለባቸው፣ ቀኑም ቅርብ እንደሆነ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይሁን፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ። «ያ ጎረምሳ ግን እንዴት ያለ የጨዋ ልጅ ነው፣ የኔ ልጅ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንቱ እያለ ነው የጠየቀኝ። ሰው እንዲህ ሲያከብርህ ምን ትደብቀዋለህ? ወልዳ ያሳደገችው እናቱ ትባረክ።»

«አሜን» አልኩ።